ለዲኤክሷ በልኳ የተሠራ ማርሚታ

አሮጌ መኪና የምትነዱ ጎንደሬዎች፣ ይህንን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም! ማራኪ ውስጥ፣ ከደጅ ሲያዩት መስኮትና የግቢ በር ብቻ የሚበየድበት በሚመስል አንድ ብየዳ ቤት፣ ለመኪና ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ በልኩ ይሠራል። ከሌላ መኪና የተፈታ አይደለም። መለዋወጫ ሱቅ «ይኼም ይሆንላታል» ብሎ የሰጠውም አይደለም። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ ሥሯ ተለክቶ፣ ላሜራው ተቆርጦ፣ ቱቦው ታጥፎ ለእሷ ብቻ የሚሠራ ነው። ዲኤክሴን ካስገጠምኩላት ወዲህ ሌላ መኪና የምነዳ ነው የሚመስለኝ፤ አንዲት ቃል አላጋነንኩም።

ከሁሉ በፊት ያስደነቀኝ ጸጥታዋ ነው። ማርሚታ ማስቀየር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰፈር የሚያናውጥ ጩኸት ነው። ይኼኛው ግን ወፈር ያለ፣ የረጋ ድምፅ ነው ያለው፤ ነዳጅ ሲረገጥ ከፍ ይላል እንጂ አይንጫጫም። ያ ከወለሉ ሥር የነበረው መንቀጥቀጥ ድራሹ ጠፍቷል። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳልጮህ እየተጨዋወትኩ እመጣለሁ!

አሮጌው ማርሚታ ሲከፈት ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ባለሙያው በግራይንደር ለሁለት ሰነጠቁትና መሬት ላይ ገለበጡት፤ ከውስጡ የወጣው የዛገ ብረት ቅርፊት አካፋ የሚያነሣው ነበር። ውስጡን በክፍል በክፍል ከሚለዩት ግድግዳዎች አንዱ ተበልቶ ወድቆ መውጫውን ግማሽ በግማሽ ደፍኖታል። ሞተሯ ስታቃስት የኖረችው ለካ ታፍና ነው። ዝገቱ ከዝናብና ከጭቃ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ የሚበላው ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱ ወጥቶ ይሄዳል። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራዳ ለሚመላለስ መኪና ግን ብረቱ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ውኃው እዚያው ማርሚታው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ያድራል።

እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የታፈነ ሞተር በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ደባርቅ ስንደርስ፣ ወደ 2,850 ሜትር ላይ፣ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ተርቦ የሌለው 1.3 ሊትር ሞተር ይህን ያህል አየር ካጣ በኋላ የቀረችውን ጉልበት ጭሱን ለመግፋት ሲያውላት ምን ይቀረዋል? አዲሱ ማርሚታ ከፍታው የወሰደውን አይመልስም፤ የትኛውም ማርሚታ አይመልስም። ዝገቱ ይወስደው የነበረውን ግን መልሶልኛል! ወደ ኮሶዬ በሚወጣው ዳገት ሁለተኛ ማርሽ ትለምን የነበረችው መኪና አሁን በሦስተኛ ትወጣዋለች።

የቱቦው ስፋት ላይ ሲደረስ የተባባልነውን አልረሳም።

«ጋሼ፣ ሰፋ ያለ ቱቦ ቢሆን ይበልጥ አይፈታትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር የምታወጣው ጭስ ልክ አለው። ከልኩ በላይ ካሰፋሁልህ ጭሱ ይሰንፋል፤ ዳገት ላይ ትተኛብሃለች» አሉኝ።

እንዴት ያለ እውቀት ነው! ጭስ ከሞተር የሚወጣው በምት በምት ነው። ቱቦው ልኩን ሲያገኝ ፈጥኖ የሚወጣው ምት ከኋላው ላለው መንገድ ይከፍትለታል፣ ይስበዋልም። ቱቦው ሲጠብ ጭሱ ይመለሳል፤ ሲሰፋ ደግሞ ፍጥነቱ ይወርድና ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለውን ጉልበት ያጣል። ዳገት የሚወጣው በዚያው ዝቅተኛ ዙር ነው። ዋሽንት ሠሪ የሸምበቆውን ውፍረት እንደሚመርጥ እኚህ ሰው ቱቦ ይመርጣሉ።

ውስጡን ሲሠሩት ቆሜ አየሁ። መሐል ለመሐል ዙሪያውን የተበሳ ቱቦ ያልፋል፤ በቱቦውና በውጭው ላሜራ መካከል ፋይበርግላስ ይጠቀጠቃል። ጭሱ ሳይጋረድ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ድምፁ ግን በቀዳዳዎቹ ገብቶ እዚያ ክር ውስጥ ይሞታል። ላሜራው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብየዳው ካለቀ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ልቤን የወሰደው፦ ሞተሩን አስነሡ፣ የጭስ መውጫውን ጫፍ ለአፍታ በጨርቅ ከደኑት፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ የተነከረ ብሩሽ በየብየዳው ላይ አሳለፉ። አንድ መገጣጠሚያ ላይ አረፋ ኩፍ አለ። ያለ አንዳች ቃል አውርደው እንደገና በየዱት። በገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ላይ እንዲህ የተጠነቀቀልኝ ሰው አላውቅም!

ጥንቃቄው ሕይወት ነውና። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ወገራ ላይ ብርዱ ሲጠና መስኮት ዘግተን ነው የምንነዳው፤ በደንብ ያልተበየደ መገጣጠሚያ ከወለሉ ሥር እየተነፈሰ ሙሉ ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የሳሙናውን ውኃ ሳታዩ ከማንም ብየዳ ቤት አትውጡ።

በልክ የሚሠራ ማርሚታ ጉድለት የለውም አልልም። ተራ ላሜራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይዝጋል፤ ለደረጃ መደገፊያ የሚሆነው ስቴንለስ ይቆያል፣ ግን ዋጋው ይወደዳል፣ ብየዳውም አርጎን ይፈልጋል። ማርሚታው ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ የሰፈራችን ኮብል ድንጋይ ይገጨዋል። በብየዳ ብቻ ከተያያዘ በኋላ ለመፍታት መቁረጥ ግድ ነው፤ እኔ በቡሎንና በጓርኒሲዮን ይያያዝልኝ ብዬ ለምኜ ነው ያሠራሁት፣ እናንተም ለምኑ።

ውስጡን አውጥተው ባዶ ቱቦ የሚነዱትን ግን ልቤ አይቀበላቸውም። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለበት፣ ሌሊት ተማሪ የሚያጠናበት ሰፈር ነው ይኼ! ጩኸት ጉልበት አይደለም። ቪትዝና ያሪስ ያላቸው ደግሞ «ካታሊስቱን ቆርጬ ልጣልልህ፣ ትፈጥንልሃለች» የሚላቸውን እንዳይሰሙ እማጸናለሁ። በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም መርዛማውን ጭስ የሚያበርዱ ናቸው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ካታሊስት ይገድል የነበረው ድሮ ነው፤ ከሠሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ተሰናብቶታል። ካታሊስቱ ካልተደፈነ በቀር ቢነሣ የሚገኘው ጉልበት ኢምንት ነው፤ የሞተር መብራት ግን በርቶ ሊቀር ይችላል። ለአይሱዙ ሹፌሮች ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ፦ ጭስ ማውጫው ላይ ያለችው መዝጊያ ጭሱን አፍና መኪናውን የምትይዝ ፍሬን ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን በጠረበው የሊማሊሞ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ያችን መዝጊያ አስወጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ ካስገጠመ እግር ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል፣ ይከዳዋል።

ይህን ሁሉ የምለው የአሮጌ መኪኖቻችን ዕድሜ ስለሚያስጨንቀኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫም የለው፣ መልካም ነው፣ ይምጣ። እስኪደርሰን ድረስ ግን ያለችንን ዲኤክስ በሕይወት የሚያቆዩልን እነዚህ እጆች ናቸው፤ እዚሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ!

ያሠራ ሰው ጥቂት ቀን ነድቶ ይመለስ፤ ብረቱ ግሎ ሲቀዘቅዝ ቡሎኑ ስለሚላላ መጥበቅ አለበት። እኔ ለማስጠበቅ ስሄድ የእህቴን ባልም ይዤው ሄድኩ። ቪትዙ ተለክታለች፤ ካታሊስቱ አይነካም፣ የኋላው ማርሚታ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ስቴንለሱም ተገዝቷል።