ማብራሪያ የሌለው መጽናናት፦ የሲ. ኤስ. ሉዊስ የሐዘን ማስታወሻ ሲመረመር

በ1961 እ.ኤ.አ. ፌበር የተባለው የለንደን አሳታሚ ኤን. ደብልዩ. ክለርክ በሚል ስም አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣ። ሚስቱን ሞት የነጠቀው አንድ ክርስቲያን የከተባት ማስታወሻ ናት። የብዕር ስሙ የማን እንደሆነ በይፋ የታወቀው ደራሲው በ1963 ካረፈ በኋላ ነው፤ ክርስትናን በሬዲዮና በመጽሐፍ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያስረዳ የኖረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነበር።

“የተስተዋለ ሐዘን” የተሰኘችው ይህች ሥራ ብዙ ጊዜ የምትነበበው ሉዊስ በ1940 ካሳተመው “የሥቃይ ጥያቄ” ጋር እየተነጻጸረች ነው። ቀዳሚው መጽሐፍ መልካምና ሁሉን ቻይ አምላክ ባለበት ዓለም መከራ ስለ ምን እንደሚኖር በአመክንዮ ይሞግታል። ሉዊስ በመግቢያው ዓላማው የአእምሮን ጥያቄ መፍታት ብቻ እንደሆነ፣ ጽናትንና ትዕግሥትን ለማስተማር ግን ብቃቱ እንደሌለው ተናግሯል። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጥያቄው ቤቱ ገባ። ሚስቱ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ጆይ ዴቪድማን በካንሰር ታማ ሳለች፣ በ1957 በሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ጋብቻቸውን ካህን ባረከላቸው። ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ብሎ አገረሸና በጁላይ 1960 አረፈች።

ማስታወሻው አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ሉዊስን የሚያስፈራው እግዚአብሔር የለም ብሎ ማሰብ ሳይሆን አለ፣ ግን ጨካኝ ነው ብሎ መደምደም ነው። ሲጸልይ በሩ የተቆለፈበት ያህል ይሰማዋል። ወደ መጨረሻው ግን የሐዘኑ ግለት በበረደ ቁጥር የሚስቱ ትዝታ እየጠራ እንደሚመጣ፣ መስማት የከለከለውም ምናልባት የራሱ ጩኸት እንደሆነ ያስተውላል። ለጥያቄዎቹ መልስ አላገኘም፤ ዝምታው ግን እንደ ቀድሞው የመገፋት ዝምታ ሆኖ አልታየውም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ቤቨርስሉዊስ በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ ሉዊስ እምነቱን ያተረፈው አመክንዮውን ከስሮ ነው ሲል ተከራክሯል። የእግዚአብሔር መልካምነት እኛ መልካም ከምንለው ጋር ካልተገናኘ፣ መልካም ነው ማለት ምን ፋይዳ አለው? ትችቱ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ቤቨርስሉዊስ ማስታወሻውን በሙግት ሚዛን ይመዝነዋል፤ የጽሑፉ ወገን ደግሞ አቤቱታ ነው። በግእዙ ቁጥር 87ኛው መዝሙር እንደ አብዛኞቹ የሰቆቃ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሳይዞር በጨለማ ያበቃል። ኢዮብን እግዚአብሔር ያናግረዋል እንጂ መከራው ከየት እንደመጣ አይነግረውም፤ በመጨረሻ የተነቀፉትም ለፈጣሪ ጠበቃ የቆሙት ወዳጆቹ ናቸው። ኢየሱስም አልዓዛርን ሊያስነሣው ሳለ አልቅሷል። በዚህ ወግ የሚጽናናው ሰው የሚያገኘው ማብራሪያ አይደለም፤ አቤት የሚለው አምላክ አብሮት መሆኑን ነው። ሉዊስም የደረሰው እዚያ ነው።

የመጽሐፏ ጉድለት ብቸኝነቷ ነው። ሉዊስ የሚያውቁት ሰዎች ስለ ሚስቱ ሞት ያንሡ አያንሡ ሲጨነቁ ያያል፤ ስለ እናታቸው ሲያወራ የእንጀራ ልጆቹ እንደሚሸማቀቁም ይጽፋል። ከልጆቹ አንዱ ዳግላስ ግሬሻም ከዓመታት በኋላ ለመጽሐፏ በጻፈው መግቢያ ምክንያቱን ገልጧል። ያኔ 14 ዓመቱ ነበር፤ በሰው ፊት ማልቀስ ትልቅ ውርደት ነው ተብሎ በአዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገ፣ እናቱ ስትነሣ እንባው እንዳያመልጠው ይፈራ ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነው። እዚህ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እህል ውኃ ይዞ ይመጣል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከፍትሐቱ ጀምሮ ሣልስቱን፣ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን ቆጥራ ታስባለች። ሉዊስ ያጣው ይህንን ነው። በአንጻሩ እርሱ የጻፈውን ዓይነት ቅሬታ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያወጣ ሰው “ተው፣ ፈጣሪን አታማርር” ይባላል። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” የሚለው መልካም ቃልም አንዳንዴ አፍ ማዘጊያ ይሆናል። ለሟች ዳዊት ሲደገም 87ኛው መዝሙር አብሮ መደገሙ አይቀርም፤ ይሁንና ግእዝ የማይሰማው ሐዘንተኛ የእርሱን ቅሬታ ካህኑ እየተናገረለት መሆኑን አያውቅም። የለቅሶ ቤት ሰባኪ ወደ ትንሣኤው ተስፋ ከመሻገሩ በፊት ያንን መዝሙር በአማርኛ ቢያነብ፣ ከሥርዓቱ ሳይወጣ ለሐዘንተኛው የመናገሪያ ፈቃድ ይሰጠው ነበር።