ኤኬራና የተጠበሰ ዓሣ

በወጣቶች ፕሮግራማችን ተረት ሲቀርብ ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። ቡልጉ ገና ከጫካው ብቅ ከማለቱ «ለወላጆቻችሁ ታዘዙ» የሚል ምክር ይደርስና ተረቱ ያልቃል። ኤኬራማ ጭራሽ ስሙም አይነሣም፤ የሙታን መንፈስ ወሬ ምን ያደርግልናል ይባላል። አያቴ ግን ስትተርክ ቡልጉ ምን እንደ በላ፣ ልጅቷም ስትሸሽ በጉያዋ ስንት እፍኝ ቡና ቀላ እንደ ያዘች ሳትነግረን አታልፍም ነበር። የምንሰማትም አንጮቴው እስኪበስል ድረስ ነው፤ ፈርተን፣ ርቦንም።

ይህን ጥንቃቄ ከእምነት እናቶቻችንና አባቶቻችን የወረስነው አይመስለኝም። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ስትማር፣ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ሰብስባ ጻፈች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ታተሙ። የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን የወጣው በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ነው። ተረቱ በሁለቱ መካከል ተቀምጧል፤ የደከሙበትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። በ1904 ወደ ነቀምቴ የመጡትን እነዚህን ሁለት ሰዎች በእምነት ልል ናቸው የሚል በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሽማግሌያችን «ልጆቹን ወደ አሮጌው ነገር ትመልሳላችሁ» ብለውኛል። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ለሙታን ማዕድ ማቅረብ ሌላ፣ ስለ ሙታን የተተረከውን ማንበብ ሌላ ነው። ቻይናውያን በጨረቃ አቆጣጠራቸው በሰባተኛው ወር ለተራቡ ሙታን ምግብ ያቀርባሉ። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት የኖረው ደራሲያቸው ፑ ሶንግሊንግ በጻፋቸው ታሪኮችም ሙታን ከሕያዋን ጋር ሲጠጡ እናገኛለን። እነዚያን ታሪኮች ያነበበ ሁሉ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሙታንን አልጠበቀም።

ደግሞስ መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን መቼ ዘለለው? በ1ኛ ሳሙኤል 28 ሳኦል የሞቱን ዜና ሰምቶ በምድር ላይ ከተዘረረ በኋላ፣ ያቺው መናፍስት ጠሪ ሴት የሰባ ጥጃዋን አርዳ፣ ዱቄት ለውሳ፣ ቂጣ ጋግራ አበላችው። ነገ የሚሞት ሰው ነው የሚበላው። ጸሐፊው «በልቶ ሄደ» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ እኔ ለሳኦል አላዝንለትም ነበር።

ሉቃስ 24 ላይ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ ጌታ የሚበላ ነገር ጠየቃቸው፤ የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፣ በፊታቸውም በላ። ከምድጃ ዳር ኤኬራን ፈርቶ የማያውቅ ልጅ ያ ቁራሽ ዓሣ ምን እንዳረጋገጠ እንዴት ይገባዋል? እኔ ምዕራፉን በሰንበት ትምህርት ስሰማ ዓሣውን በልቶ እስኪጨርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

እናም የሚቀጥለው ፕሮግራም ተራኪ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ ቡልጉን አስገባልን። የልጅቷንም ቡና ቀላ ከጉያዋ አታውጣባት።