ኤፍ-5 በስክሪን ላይ

ዲሲኤስ በተባለው የውጊያ በረራ ጌም ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄትን የሚያበርሩ ሰዎች የሚለዋወጧቸውን ስክሪንሾቶች በጣም እወዳለሁ። ክንፉ ጫፍ ላይ የተሰካው ሳይድዋይንደር ሚሳይል፣ መስታወቱ ላይ ያረፈው የማለዳ ፀሐይ! ላኪው ለዚህች ቅጽበት ሲል በረራውን አቁሞ፣ ካሜራውን አዙሮ፣ ብርሃን መርጧል።

አውሮፕላኑ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚጎች የገጠመው ይኸው ኤፍ-5ኢ ነው፤ ለገሠ ተፈራን የመሰሉ ጀግኖች አብርረውታል።

ዲሲኤስ የኢትዮጵያ ካርታ የለውም። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ግን መላውን ምድር ከሳተላይትና ከአየር ምስሎች ስለሚሠራ፣ በዋግ፣ በሰቆጣ ላይ አልፎ የዝቋላን ቆላ ተሻግሮ ተከዜ ሸለቆ ላይ ዝቅ ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ምስል የደረሰው የዋግ ሰው ገደሉን በስሙ ይጠራዋል፣ «እስቲ ትንሽ ወደ ግራ» ብሎ ሌላም ይጠይቃል።