በኢጣልያንኛ ቅጽሎች ስለ ቀለም አከፋፈል፣ ስለ ኀይለ ድምፅና ስለ ቃል አመሠራረት

ጌርሃርድ ሮልፍስ ስለ ኢጣልያ ቋንቋና ስለ ቀበልኛዎቹ የጻፈው ታሪካዊ ሰዋስው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1949 እስከ 1954 ዓ.ም. በሦስት ቅጽ የታተመ ነው። የመጀመሪያው ስለ ድምፅ፣ ሁለተኛው ስለ እርባታ፣ ሦስተኛው ስለ አገባብና ስለ ቃላት አመሠራረት ይናገራል። ይህ አከፋፈል አንድ ነገር ፈልጎ ለሚያገላብጥ ሊቅ እጅግ ይመቻል። ተማሪ ግን ቋንቋውን በዚሁ ተራ ልማር ቢል፣ በተለይ በቅጽሎች ላይ፣ አንድ የሆነውን ነገር በሦስት ስፍራ ተበትኖ ያገኘዋል።

ለዚህም በ«ኮ» የሚጨርሱት የተባዕታይ ጾታ ቅጽሎች ምስክር ናቸው። «አንቲኮ» (ጥንታዊ) በብዙ ቍጥር «አንቲኪ» ሲሆን፣ «ስቶሪኮ» (ታሪካዊ) ግን «ስቶሪቺ» ይሆናል። ፊደሉን ብቻ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ምክንያት የሌለው ይመስላል። ቀለማቸው ሲከፈል ግን ነገሩ ይገለጣል። በ«አን-ቲ-ኮ» የድምፁ ኀይል በ«ቲ» ላይ ያርፋል፤ በ«ስቶ-ሪ-ኮ» ግን በመጀመሪያው ቀለም፣ በ«ስቶ» ላይ ነው። «ስቶሪኮ» «ኢኮ» በሚባለው ባዕድ መድረሻ የተመሠረተ ነው፤ ይህም መድረሻ ኀይሉን ከርሱ በፊት ላለው ቀለም ይተዋል። እንግዲህ አመሠራረቱ ኀይለ ድምፁን፣ ኀይለ ድምፁም እርባታውን ይመራል ማለት ነው።

ሕጉ በብዙው እንጂ በሁሉ አይሠራም። «ግሬኮ» (ግሪካዊ) «ግሬቺ»፣ «ካሪኮ» (የተጫነ) «ካሪኪ» ይባላሉና። ቢሆንም ከሕግ የወጣውን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ሕጉን አስቀድሞ ላወቀ ብቻ ነው።

ከቅጽል ስም ሲወጣም እንዲሁ ነው። «ቡኦኖ» (ደግ) ከሚለው «ቦንታ» (ደግነት)፣ «ኑኦቮ» (አዲስ) ከሚለው «ኖቪታ» (አዲስነት) ይወጣል። ኀይሉ ወደ መጨረሻው ቀለም ሲሄድ «ኡኦ» የነበረው «ኦ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ኑኦቪሲሞ» (እጅግ አዲስ) ግን ምንም እንኳ ኀይሉ ከስፍራው ቢለቅ፣ የሥሩን መልክ እንደ ያዘ ይኖራል።

የኢጣልያ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደል ደግሞ ያሳያል፤ የኀይለ ድምፅን ምልክት ግን ዘወትር የሚጽፈው እንደ «ቦንታ» ባሉት፣ ኀይላቸው በመጨረሻ በሚያርፍ ቃላት ላይ ነው። የእኛ ፊደል ሁለቱንም አያሳይም። የግእዝ ንባብን በተነሽና በወዳቂ ለይቶ የተማረ ሰው ግን ጽሕፈት ንባብን ሁሉ እንደማይናገር ያውቃል። ስለዚህ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚዘጋጅ የኢጣልያንኛ ሰዋስው እያንዳንዱን ባዕድ መድረሻ ከነኀይለ ድምፁና ከነብዙ ቍጥሩ በአንድ ምዕራፍ ሊያስተምር ይገባዋል። የሮልፍስ መጽሐፍ መዝገብ ሆኖ ያገለግላል፤ የማስተማሪያ ተራ ግን ከርሱ ሊቀዳ አይገባም።