ጦርነት ያረሰው መሬት እንዴት ይመዘናል?

በየትምህርት ቤቱ ስለ አፈር ስናስተምር ጎርፍን፣ ነፋስን፣ የደን ምንጠራንና አያያዝ የጎደለውን እርሻ በጎጂነት እንዘረዝራለን። ጦርነት ግን ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ወደ ጂኦግራፊና ወደ ሳይንስ ሲገባ እምብዛም አይታይም። ይህን ጉድለት ለማቃናት የሚረዱ ሁለት ጥናቶችን አንብበን የታየንን ለሥራ ባልደረቦቻችን ለማካፈል ወደድን። ሁለቱም የሚመለከቱት በፈረንሳይ የሚገኘውን የቬርደንን አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1916 የጀርመንና የፈረንሳይ ጦር 10 ወር ያህል በመድፍ ተፋልመውበታል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጆሴፍ ሁፒና የራንዳል ሼትዝል ጥናት ነው። ጸሐፊዎቹ የቦምብና የመድፍ ፍንዳታ አፈርን መገልበጡን ራሱን የቻለ የአፈር መናወጥ ዓይነት አድርገው ስም አውጥተውለታል። ፍንዳታው የላዩን አፈር ይበትናል፤ ከሥር ያለውን የኖራ ድንጋይ ይሰብራል፤ በጉድጓዱም ውሃና ቅጠል እየተጠራቀመ አዲስ አፈር መፈጠር ይጀምራል። አቀራረቡ ለተማሪ የሚገባ ነው። ሆኖም ቅርጽን ብቻ ያየ አንባቢ «ጊዜ ሁሉን ይፈውሳል» ወደሚል ድምዳሜ ሊቸኩል ይችላል።

ይህን ችኮላ የሚገታው ቶቢያስ ባውዚንገር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1920ዎቹ፣ የተረፉ ከ200,000 በላይ የመርዝ ጥይቶች የተቃጠሉበትን ቦታ አፈር መረመሩ። እጅግ በተበከለው ስፍራ በ1 ኪሎ ግራም አፈር ከ100 ግራም በላይ አርሰኒክ ተገኘ፤ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስም አሉበት። አርሰኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ እንደ ቅጠል በስብሶ አይጠፋም። ነገር ግን ይህ የአንድ ጠባብ ቦታ ውጤት ነው፤ መርዙንም በዚያ ያከማቸው ውጊያው ሳይሆን የጽዳቱ ሥራ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለቬርደን ምድር በሙሉ ማዋል ስሕተት ይሆናል።

እንግዲህ ምዘናው ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፦ የአፈሩ አቀማመጥ ምን ያህል ተለወጠ? ምን ባዕድ ነገር ተጨመረበት? የተጨመረውስ ወደ ውሃ፣ ወደ ሰብልና ወደ ከብት ይሄዳልን? መልሱም ሁልጊዜ ጦርነት ካልነካው ተመሳሳይ አፈር ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ነቀፌታው እኛንም ይነካል። እጩ መምህራንን አፈርን በቀለምና በመዳሰስ እንዲለዩ እናሠለጥናለን። በዚህ ርእስ ስንወያይ አንድ ሠልጣኝ «ሣር ከበቀለበት ድኗል ማለት አይደለም?» ሲለን፣ አዎን ልንለው ጥቂት ቀርቶን ነበር። ዳሩ ግን በዚያ እጅግ በተበከለ ቦታ ዳር አንድ የሣር ዓይነት ይበቅላል! ዐይንና ጣት የማይደርሱበትን የሚነግረን የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

በመጨረሻም ለመምህራን አደራ አለን። ጦርነት ባለፈበት መሬት ተማሪ አፈር እንዲቆፍር ወይም ብረት እንዲያነሣ ፈጽሞ አይላክ፤ ያልፈነዳ ጥይት ዓመት አይቆጥርም። ትምህርቱ ከጥናቶቹና ከትምህርት ቤቱ ግቢ አፈር ይሰጥ፤ የልጁ ሕይወት ከናሙናው ይበልጣልና።