ተሸናፊው የት ይቀመጣል? ስለ ሁለት የወህኒ ቤት መጻሕፍትና ስለ አንድ የፓርቲ ጉባኤ

በአማርኛ “ተሸነፈ” የተደራጊ ግስ ነው፤ ከበስተጀርባው ዘወትር አንድ አሸናፊ ቆሟል። “ተረታ” እና “ድል ተነሣ”ም ከዚሁ አይርቁም። ቀደምት ጸሐፊዎች “ድል ሆነ” የሚል፣ ባለቤቱን ብቻውን የሚያቆም አነጋገር ነበራቸው፤ ዛሬ ግን እምብዛም አይሰማም። ነገሩን ያነሣሁት ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ሽንፈትን ሌላው እንዳደረሰብን በደል እንጂ እንደ ራሳችን ታሪክ አድርገን የመጻፍ ልማድ የለንም ብዬ ስለማምን ነው። ለዚህም በአንድ ፓርቲ መሪነት ላይ የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች የጻፏቸውን መጻሕፍት አቀርባለሁ።

ፓርቲው የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲመሠረት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መሪ፣ አቶ አንዱዓለም አራጌ ምክትል መሪ ሆኑ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ፓርቲው በተወካዮች ምክር ቤት ያገኘው 4 ወንበር ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ መሪው፣ አሸናፊው ፓርቲ ባቋቋመው መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ምክትሉ ከመሪው ጋር ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም። በ2015 ዓ.ም. አርባ ያህል አመራሮችና አባላት ባንድነት ፓርቲውን ለቀቁ።

የብርሃኑ “የነፃነት ጎህ ሲቀድ” ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ታስረው ሳለ ቃሊቲ ተጽፎ በ1998 ዓ.ም. የታተመ ነው። የአንዱዓለም “ያልተሄደበት መንገድ”ም ደራሲው ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. በታሰሩበት ዘመን የወጣ ነው። ርዕሶቹን ብቻ ብንመለከት፣ አንዱ ጎህን ይጠብቃል፤ ሌላው ገና ያልተረገጠ መንገድ ያሳያል። ዛሬ የአሳሪው ነው፤ ነገ የደራሲው። እርግጥ ብርሃኑ በተቃዋሚዎች መካከል የነበረውን ልዩነት አልሸሸጉም፤ ይሁን እንጂ የትረካው ክብደት የሚያርፈው ከመንግሥት ጋር በነበረው ፍጥጫ ላይ ነው። ወህኒ ቤት ለጸሐፊ የሚሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም፤ የታሰረ ሰው ቃል ሳይመረመር ይታመናል። ታዲያ ባላጋራው ከግንብ ወዲያ ማዶ ያለው አሳሪ ሳይሆን በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ መተዳደሪያ ደንብ ሥር የተቀመጠ የትግል ጓድ ሲሆን ይህ የ“እኛ” ቋንቋ ምን ያደርጋል? ሁለቱም መጻሕፍት ለዚያ ቀን የሚሆን ቃል አላዘጋጁም ባይ ነኝ። ጥፋቱን በደራሲዎቹ ብቻ አላሳብብም። የወረሱት ሥነ ጽሑፍም አልሰጣቸውም።

ይህን የምጽፈው ደብረ ታቦር ሆኜ ስለሆነ ምሳሌው ከደጄ ነው። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን እዚሁ ድል አደረጉ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ውቤ ግን የድል ግብዣ ላይ ሳሉ በብሩ አሊጋዝ እጅ ወደቁ። ታሪኩ በዚህ አገር ሲወራ አድማጭ ይስቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ገደሉ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት “ቴዎድሮስ”፣ የአቤ ጉበኛ “አንድ ለናቱ”፣ የብርሃኑ ዘሪሁን “የታንጉት ምስጢር” የሚያጠነጥኑት በእኚሁ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ ሥነ ጽሑፋችን ያከበረው ተሸናፊ የሞተውን ነው፤ የቀረው ወይ ሸሽቷል ወይ ተስቆበታል። ፉከራ ለአሸናፊ፣ ሙሾ ለሟች አለን። ድምፅ ተቆጥሮ የተሸነፈና በማግሥቱ ቢሮው የሚገባ ሰው ምን ይባልለታል?

ተማሪዎቼ አንድ ጊዜ “እንዲህ ያለ ሰው በባህላችን ስለሌለ ነው” ብለው ተከራከሩኝ። አልተስማማሁም። የጥንቱን የችሎት ሙግት፣ በላ ልበልሃን፣ ረስተውት ነበር። በዚያ ሙግት ባላጋራዎች በሰው ፊት ቆመው በንግግር ጥበብ ይፋለማሉ፤ አንዱ ይረታል፣ ሌላው ይረታበታል። የተረታው አይሞትም፣ አይሰደድም። ይግባኝ ይላል ወይም ያድራል፤ ከረታው ጎረቤቱ ጋር ያው አንድ ወንዝ ይቀዳል፣ በአንድ ደብር ያስቀድሳል። ቃል ግባችን ያንን ሰው ያውቀዋል። የታተመው ድርሰታችን ነው ያላስጠጋው፤ እኛም ሐያስያን ብንሆን በላ ልበልሃን ስናስተምር ስለ ረቺው አንደበት እንጂ ስለ ተረቺው አካሄድ ጠይቀን አናውቅም።

ከሁለቱ ደራሲዎች አንዳቸው ስለዚያ የ2014 ጉባኤ ቢጽፉ በመጀመሪያ የምፈልገው ገጽ የክርክሩን አይደለም። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ከአዳራሹ ሲወጡ ማን ማንን እንዳስቀደመ፣ ምን እንደተባባሉ።