የደረቅ ወንዝ ድልድዮች

በክረምት ከሰዓት በኋላ ሚኤሶ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው የጨርጨር ተራሮች በጥቁር ደመና ተሸፍነው ያገኛቸዋል። እሱ የቆመበት ሜዳ ግን ፀሐይ ነው፤ አቧራው እንኳ አልረጠበም። ጥቂት ቆይቶ በደረቁ አሸዋ ላይ ቡናማ ውኃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ደራሽ ነው። ሲመሽ ያልፋል፤ በማግስቱ ከብቶች የሚያቋርጡት ያንኑ አሸዋ ነው።

የጭሮ ሸንተረር ውኃን ለሁለት ይከፍላል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ዋቤ ሸበሌ፣ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ያዘነብላል። ወደ አዋሽ ከሚያዘነብለው ብዙው ወንዙ ጋ ሳይደርስ ቆላው ውስጥ ይሰርጋል። እንግዲህ በዚህ አገር ድልድይ የሚሠራ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ ሲታይ የሚውለው አሸዋ ነው፤ መሥራት ያለበት ግን በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚመጣው ጎርፍ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ያሉትን የአሮጌውን ባቡር ድልድዮች የማደንቃቸው ከሁሉ በፊት በዚህ ነው፤ የተሠሩት ላልታየ ውኃ ነው።

የባቡሩ ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ በአዲስ ኩባንያ ሥራው ቀጠለና በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ሐረርን ሳይነካ በቆላው ያለፈው ተራራው ለባቡር ስለከበደ ነው። ከድሬዳዋ ወዲህም ያው ምርጫ ቀጠለ። ወደ ላይ ቢወጡ ዳገቱ አያስኬድም፤ ወደ በረሃው ቢሸሹ ለእንፋሎቱ ማሞቂያ የሚሆን ውኃ አይገኝም። ስለዚህ ሐዲዱ የተራራውን ግርጌ ይዞ በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት አድርጎ ወደ አዋሽ ተጓዘ። የግርጌው መንገድ ዋጋ አለው፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ሁሉ አንድ በአንድ ማቋረጥ ግድ ይላል። በዚህ መሥመር ላይ ትንንሹ ድልድይና የጎርፍ ማሳለፊያ የበዛው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ትንንሾቹ አንዱን ማየት የፈለገ በሐዲዱ ላይ ቆሞ ምንም አያይም። ወደ አሸዋው መውረድ ያስፈልጋል። ብረቱን የተሸከመው የዳር ግንብ ከጥርብ ድንጋይ ነው፤ ከግንቡ ጎንና ጎን እንደ ክንፍ የተዘረጉ ዝቅተኛ ግድግዳዎች አሉ። ጌጥ የሚመስሏቸው ሰዎች አሉ። ሥራቸው ግን ተበታትኖ የሚመጣውን ጎርፍ ሰብስቦ ወደ ቀዳዳው ማስገባትና ከግንቡ ጀርባ ያለውን አፈር እንዳይቦረቡር መከልከል ነው። ድልድይ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ አይወድቅም፤ ከሥሩ አሸዋው ይታጠብና በራሱ ክብደት ይዘማል። ግንበኛው ይህን ስለሚያውቅ ድካሙን ያዋለው ማንም በማያየው መሠረት ላይ ነው። በግድግዳው ፊት የሚታዩት ትንንሽ ቀዳዳዎችም የተረሱ ክፍተቶች አይደሉም፤ ከኋላ በአፈሩ ውስጥ የታቆረው ውኃ የሚተነፍስባቸው ናቸው። እነሱ ቢደፈኑ ግንቡን የሚገፋው ከፊት የሚመጣው ጎርፍ ሳይሆን ከጀርባው የቀረው ውኃ ይሆን ነበር።

ከሐዲዱ ሥር የተጋደመውም ብረት ነው። እንጨት በዚህ ምድር ምስጥ ይበላዋል፣ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ የብረት ጋድም መረጡ። ሐዲዶቹ የሚገናኙበት ላይም ክፍተት ትተዋል። በድሮው ባቡር የተጓዘ ሁሉ የሚያስታውሰው ያ የማያቋርጥ ድምፅ መንኮራኩሩ ክፍተቱን ሲዘል የሚሰማ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ መቶ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ያን ያህል ቦታ ያልተተወለት ሐዲድ እኩለ ቀን ላይ ይጎብጣል።

ይኸው ስሌት በትልቁ የሚታየው አዋሽ ላይ ነው። ወንዙ እዚያ የሚሄደው በጥቁር ድንጋይ መካከል በተቆረጠ ጥልቅ ገደል ውስጥ ነው። ሐዲዱ ከመምጣቱ በፊት በአዋሽ ላይ የእንጨት ድልድይ የሠራው ያው ኢልግ ነበር። የባቡሩ ድልድይ ግን የብረት ሥራ ነው፤ አጫጭር ብረቶች እየተጋጠሙ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘኖቹ ተያይዘው ፍርግርግ ይሆናሉ። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ብረቱ ካልተበጠሰ ወይም ካልጎበጠ ቅርጹን አይለቅም። ብልሃቱ በቀጭን ብረት ከባድ ሸክም መሸከም ነው፤ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቁራጭ በመርከብና በባቡር ከሩቅ የሚመጣ ነበርና ክብደት መቆጠብ ትልቅ ነገር ነው።

የዚያ ዘመን የብረት ድልድዮች መጋጠሚያ ላይ የሚታዩት ክብ ራሶች ቡሎን አይደሉም፤ ሪቬት ናቸው። በእሳት ቀልቶ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ከወዲያ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከወዲህ ቀጥቅጦ ራስ ያወጣለታል። ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሲያጥር ሁለቱን ብረት አጥብቆ ያጣብቃቸዋል። ብረት በሙቀት የመለወጥ ጠባዩ ለሐዲዱ ጠላት ሆኖ ለመጋጠሚያው አሳሪ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ የእጅ ሥራ ጥቂት ነው። ብረቱ ግንቡ ላይ የሚያርፍበት ጫፍም አንደኛው የታሰረ፣ ሌላኛው ትንሽ እንዲንሸራተት የተተወ ነው፤ ቀን ሲረዝም ማታ ሲያጥር ግንቡን እንዳይገፋ።

የአዋሹን ድልድይ ባሩድ አፍርሶታል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድዮች፣ የመኪናውንም የባቡሩንም፣ አፈነዳቸው። የእንግሊዝ ጦር ግን ተሻግሮ በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ፤ ድልድዩም በኋላ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና አለፈበት።

ስለ አዋሽ ድልድይ ሲነሣ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ሌላ ቀንም አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. ከአዋሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ገደል ላይ በተሠራ ጠመዝማዛ ድልድይ፣ የመንገደኞች ባቡር ሐዲድ ስቶ ወደቀና ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ነበር። ጠመዝማዛ ሐዲድ ሲነጠፍ የውጭው ከውስጡ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የከፍታው መጠን የሚለካው ለአንድ ለተወሰነ ፍጥነት ነው። ግንበኛና ቀያሽ የቱንም ያህል ቢጠበቡ ሥራቸው በዚያ ልክ ላይ ያበቃል፤ የቀረውን የሚጨርሰው ፍሬን የያዘው እጅ ነው። የሞቱትን ሳስብ ከሐዲዱ ጋር አብረው የሚቆጠሩትን፣ በየጣቢያው መካከል በእግራቸው እየሄዱ ቡሎን ያጠበቁትንና ጠጠር የሞሉትን የምድር ባቡር ሠራተኞችም አብሬ አስባለሁ። ሥራቸው የሚታየው በሰላም ባለፉት ጉዞዎች ሁሉ ነው፤ እነዚያን ጉዞዎች ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

ከተሞቹም የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ደጋው ቡና ነበረው፣ ሚኤሶ ጣቢያ ነበራት፤ የጨርጨር ቡና በበቅሎና በግመል ወርዶ ባቡር ላይ ይጫን ነበር። ከላይ ደግሞ ጨርጨርን የገዙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የተማሩትና በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ በፕላን የቆመች ከተማ ሊያደርጓት ደከሙ። ዛሬ ከጭሮና ከሂርና የሚወርደው ጫት በመኪና ነው የሚሮጠው።

ሚኤሶ አሁንም የመገናኛ ስፍራ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠራ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው ነበር የያዘው። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ በረጃጅም የኮንክሪት ድልድዮች ጎርፉን ከላይ ያልፈዋል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጭነትም ይችላል። ነገር ግን አሮጌዎቹን የጥርብ ድንጋይ ግንቦች ማፍረስም ሆነ ድንጋያቸውን ለሌላ ግንብ መውሰድ አይገባም። ምሕንድስና የሚማሩ የጭሮ ልጆች ከመጽሐፍ በፊት ሊያዩት የሚችሉት ትምህርት በደጃቸው ነው።

ማየት የሚፈልግ በበጋ ይሂድ። የአዋሹ ትልቅ ድልድይ ጥበቃ ስላለው ካሜራ ሳያወጡ ማለፍ ነው። ለትንንሾቹ ግን ከሐዲዱ ወርዶ፣ ጎርፉ ከሚመጣበት በተራራው በኩል ቆሞ፣ መጀመሪያ የግንቡን እግር ይይ። ጎርፉ የተወው የጭቃ መሥመር ከአሸዋው ምን ያህል ከፍ ብሎ ድንጋዩ ላይ እንደቀረ በእጁ ይለካ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ብረቱ ከዚያ መሥመር በላይ ስንት ክንድ እንደተቀመጠ ይቁጠር።